ጡት እያጠቡ የአማልጋም ሙሌት ማስወጣት

ጥያቄ፦ «የ4 ወር ልጅ አለኝ፣ የማጠባው ጡት ብቻ ነው። መንጋጋዎቼ ላይ ከብዙ ዓመት በፊት የተሞሉ 4 የብር ቀለም ሙሌቶች አሉ። በስተቀኝ ታች ያለው ሰሞኑን ጠርዙ ተሰብሮ ቀዝቃዛ ሲነካው ያመኛል። የጥርስ ሐኪሜ ‹ሜርኩሪ ስላለባቸው አራቱንም በአንድ ቀን እናውጣቸው› አለኝ። ዘመዶቼ ደግሞ ሜርኩሪው ወተትሽ ውስጥ ስለሚገባ መጀመሪያ ልጁን ጡት አስጥዪው ይሉኛል። ማንን ልስማ? ካስወጣሁስ ስንት ቀን ወተቴን ልድፋ?»

መልስ፦

ሁለቱንም ምክር አይቀበሉ። የተሰበረውን አሁኑኑ ያሳክሙ፤ ደህና የሆኑትን ሦስቱን ልጅዎ ጡት እስኪጥል ባሉበት ይተዉአቸው፤ ጡት ማጥባቱን ግን አያቋርጡ። ምክንያቱን ሰፋ አድርጌ ላስረዳ፤ እሱን ካወቁ ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ ሐኪሙን ምን መጠየቅ እንዳለብዎ አይጠፋዎትም።

አማልጋም የሚባለው የብር ቀለም ሙሌት በክብደቱ ግማሽ ያህሉ ሜርኩሪ፣ ማለትም ባዜቃ ነው። የቀረው ብር፣ ቆርቆሮና መዳብ ነው። የብረቶቹ ዱቄት ከፈሳሹ ሜርኩሪ ጋር ተለውሶ ሲጠነክር ሜርኩሪው ከነሱ ጋር ተዋህዶ ይያዛል። ተያዘ ሲባል ግን ጨርሶ ታሰረ ማለት አይደለም። ከሙሌቱ ገጽ ላይ ጥቂት በጥቂት እየተነነ ይወጣል፤ ሲያኝኩ፣ ትኩስ ሲጠጡ ወይም ሌሊት ጥርስ ሲያፋጩ ደግሞ ይጨምራል። ሙሌት ያለው ሰው በዚህ መንገድ የሚያገኘው በአብዛኛው በቀን ከ1 እስከ 5 ማይክሮግራም እንደሆነ ይገመታል። አንድ ማይክሮግራም የአንድ ግራም ሚሊዮንኛ ነው።

ሜርኩሪ ወደ ሰውነት የሚገባበትን በር መለየት ያስፈልጋል። በአየር ተስቦ ሳንባ ከደረሰው የሜርኩሪ ተን 80 በመቶ ያህሉ ወደ ደም ይዘልቃል። የተዋጠ የብረት ሜርኩሪ ግን ከአንጀት ወደ ደም የሚገባው ከ0.01 በመቶ በታች ነው። ስለዚህ የተሰበረው ጠርዝ ቁራጭ ከምግብ ጋር ተውጦ ከሆነ አይጨነቁ፤ ከሰገራ ጋር ይወጣል። ለማስታወክም ሆነ ለማስቀመጥ ምንም አይውሰዱ። የሚያሳስበው ወደ አፍንጫ የሚሄደው ተን ነው፤ ቀለምም ሽታም ስለሌለው ደግሞ ማንም አያየውም።

ሙሌት ሲሰረሰር ይህ ተን በአንዴ ይበዛል። መሰርሰሪያው በደቂቃ ከ300,000 ጊዜ በላይ ይሽከረከራል፤ ሙቀቱ ሜርኩሪውን ያተነዋል፣ ስለቱ ደግሞ ሙሌቱን ወደ ደቃቅ ብናኝ ይፈጨዋል። አንድ ድፍን ቁራጭ ከሚያተነው ይልቅ ያው ቁራጭ ተፈጭቶ እጅግ ብዙ ያተናል፤ አየር የሚነካው ገጹ በብዙ እጥፍ ሰፍቷልና። ጥበቃ ሳይደረግ ሙሌት ሲወጣ በእናቲቱ ደም ፈሳሽ ክፍል ውስጥ ያለው ሜርኩሪ በመጀመሪያዎቹ አንድና ሁለት ቀናት ከፍ ይላል፤ ከዚያ በሳምንታትና በወራት እየወረደ ከቀድሞው በታች ይሆናል። እንግዲህ ለዓመታት ዝም ብሎ ከተቀመጠ ሙሌት ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻው የሚሰረሰርበት ሩብ ሰዓት ነው። አራቱን በአንድ ቀን ማውጣት ይህንን ሩብ ሰዓት በአራት ማባዛት ነው፤ ያውም ልጁ ከጡት ሌላ ምንም በማይቀምስበት ወር።

ወደ ወተቱ እንምጣ። አዎ፣ ከሙሌት የሚመጣው ሜርኩሪ ወደ ወተት ያልፋል። ከዓሣ የሚመጣው ሜቲልሜርኩሪ የሚባለው ዓይነት በቀይ የደም ሴሎች ላይ ተጣብቆ ስለሚቀር ወደ ወተት የሚያልፈው አነስተኛ ነው። ከሙሌት የሚተነው ግን ደም ውስጥ ሲገባ ኢንኦርጋኒክ ወደሚባለው ዓይነት ተለውጦ በፈሳሹ ክፍል ስለሚዞር ወደ ወተት መግባቱ ይቀለዋል። ሆኖም መጠኑ ዝቅተኛ ነው፤ ሕፃን በእርግዝና ጊዜ በእንግዴ ልጅ በኩል ከሚደርሰው በኋላ በወተት የሚደርሰው ያንሳል። የእናት ጡት የሚሰጠውን መከላከያና ምግብ ለዚህ መጠን ብሎ መተው ልጁን ይጎዳዋል። «ጡት አስጥዪው» ላሉዎት ዘመዶች መልስዎ ይህ ይሁን።

ሐኪምዎ ምናልባት ሁለት የተለያዩ ምክሮችን አቀላቅለውት ይሆናል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በመስከረም 2020 እ.ኤ.አ ባወጣው ምክር ነፍሰ ጡሮች፣ ለማርገዝ ያሰቡ፣ የሚያጠቡ እናቶች፣ ሕፃናት፣ የነርቭ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለባቸው ሰዎች በተቻለ መጠን አዲስ አማልጋም እንዳይሞላላቸው መክሯል። የአውሮፓ ኅብረት ከሐምሌ 2018 እ.ኤ.አ ጀምሮ ለሚያጠቡና ለነፍሰ ጡር ሴቶች እንዲሁም ከ15 ዓመት በታች ላሉ ልጆች፣ ሐኪሙ የግድ ነው ካላለ በስተቀር፣ አማልጋም መሙላትን ከልክሎ ነበር፤ ከ2025 እ.ኤ.አ ጀምሮ ደግሞ ክልከላውን ለሁሉም ታካሚ አስፍቶታል። እነዚህ ሁለቱም የሚናገሩት ስለ መሙላት ነው። ያው የ2020 ምክር ደህና የሆነን ሙሌት ያለ ሕክምና ምክንያት ማውጣት የሜርኩሪ ተጋላጭነትን ለጊዜው ስለሚያባብስና ጤናማውንም የጥርስ ክፍል ስለሚያሳጣ አታውጡ ይላል። «አዲስ አታስሞሉ» እና «ያለውን አስወጡ» ለየቅል ናቸው።

«ደህና ሙሌት» ስል ምን ማለቴ ነው? ጥቁር መሆኑ ብቻውን ምንም አይደለም፤ አማልጋም ሲያረጅ ይጠቁራል፣ በጥርሱ ግድግዳ በኩልም ግራጫ ጥላ ያሳያል። ጠርዙ ላይ በጥፍር የሚዳሰስ ትንሽ ቦይ መኖሩም መበስበስ መሆኑን አያረጋግጥም። ለማውጣት ምክንያት የሚሆኑት እነዚህ ናቸው፦ ከሙሌቱ ሥር ወይም ከጎኑ አዲስ ብስባሽ መኖሩ (ሐኪሙ ለስላሳ ሆኖ ሲያገኘው ወይም ጥርስ ተገጥሞ በሚነሳ የጎን ራጅ ሲታይ)፣ ሙሌቱ መነቃነቁ ወይም መሰበሩ፣ ጥርሱ መሰንጠቁ፣ እንዲሁም ሙሌቱ የሚነካው የጉንጭ ወይም የምላስ ገጽ ላይ እንደ ዳንቴል ያለ ነጭ መስመር ወይም ቁስል መውጣቱ። የመጨረሻው ለብረቱ የሚሰጥ የአለርጂ ዓይነት ምላሽ ሊሆን ስለሚችል፣ ቆይቶም ቢሆን እንዲታይ ያድርጉ። የጥርስ ራጅ ወተቱን አይነካም፤ ተነስተው ወዲያው ማጥባት ይችላሉ።

የተሰበረው ጥርስዎ ላይ መጀመሪያ መታወቅ ያለበት የተሰበረው ሙሌቱ ነው ወይስ የጥርሱ ግድግዳ የሚለው ነው። ግድግዳው ከሆነና ሙሌቱ ከሥሩ ንጹህና ጥብቅ ከሆነ፣ አማልጋሙን ሳይነኩ ስብራቱን በግላስ አዮኖመር (ሲሚንቶ መሰል የጥርስ ቀለም መሙያ) ወይም በኮምፖዚት (በብርሃን በሚደርቅ የጥርስ ቀለም መሙያ) መጠገን ይቻላል። ይህ ጥገና ለወራት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያቆያል፣ ጡት ማጥባቱ እስኪያልቅም ይበቃል። ብዙ ሐኪሞች ሙሉውን ለማውጣት ስለሚቸኩሉ «ሳይወጣ መጠገን አይቻልም ወይ?» ብለው እርስዎ ቀድመው ይጠይቁ። ከሥሩ ብስባሽ ካለ ግን መቆየቱ አይበጅም፤ ብስባሹ ወደ ነርቩ ደርሶ እብጠትና ትኩሳት ቢያመጣ ለእርስዎም ለሚያጠቡትም ልጅ ከሙሌቱ የከፋ ነው። ሕመሙንም ያጢኑት። ቀዝቃዛው ሲነሳ አብሮ የሚጠፋ ከሆነ ነርቩ ገና ይድናል፤ ከግማሽ ደቂቃ በላይ የሚቆይ፣ ትኩስ ሲነካው የሚብስ ወይም ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ከሆነ የሥር ሕክምና ሊያስፈልግ ይችላልና ቀጠሮውን ያፋጥኑት። ሲነክሱ ሳይሆን ንክሻውን ሲለቁ የሚወጋ ሕመም ደግሞ ብዙ ጊዜ የስንጥቅ ምልክት ነው።

ይውጣ ከተባለ አወጣጡ ወሳኝ ነው። ዋናው ነገር ሙሌቱን አለመፍጨት ነው። ጥሩ ሐኪም አዲስ የካርባይድ ስለት ይጠቀማል፤ የደነዘዘ ስለት ይፈትጋል፣ ይሞቃል፣ ተኑን ያበዛል። ከሙሌቱ ዳር ወይም መሐል ለመሐል ጠባብ ቦይ ይቀድና ሙሌቱን ሁለት፣ ሦስት ወይም አራት ቁራጭ አድርጎ በእጅ መሣሪያ ፈልቅቆ ያወጣዋል። እንዲህ ሲሠራ ትክክለኛው የስርሰራ ጊዜ ለአንድ ሙሌት ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። አፍዎ ውስጥ የሚሰሙት ድምፅ ይነግርዎታል፦ አጭር ስርሰራ፣ ከዚያ ጸጥታ፣ ከዚያ የብረት ቁራጭ ሲፈነቀል «ጠቅ» የሚል ድምፅ። ማቋረጥ የሌለበት ረጅም የፉጨት ድምፅና ከአፍዎ የሚሳብ እንደ እርሳስ ጭቃ የጠቆረ ውኃ ከበዛ ሙሌቱ እየተፈጨ ነው፤ እጅዎን አንስተው ማስቆም መብትዎ ነው።

ከስርሰራው በፊት ጥርሱ በራበር ዳም ይለያል። ይህ በብረት መቆንጠጫ ጥርሱ ላይ የሚታሰር ስስ የጎማ መጋረጃ ሲሆን ብናኝና ጭቃው ወደ ምላስና ጉሮሮ እንዳይወርድ ያግዳል። ከላቴክስ (የተፈጥሮ ጎማ) ይልቅ የናይትራይል (ሰው ሠራሽ ጎማ) መጋረጃ ተኑን የተሻለ ስለሚያግድ ይመረጣል። ቀዳዳው ከጥርሱ ከሰፋ በዙሪያው ጥቁር ውኃ ይሰርጋል፤ ስለዚህ ጠርዙ በማሸጊያ ይደፈናል፣ ከመጋረጃው ሥርም ሌላ የምራቅ መምጠጫ ይደረጋል። በላይ በኩል ደግሞ ሰፊ አፍ ያለው ኃይለኛ መምጠጫ ከጥርሱ አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ሆኖ ስርሰራው እስኪያልቅ አይነሳም። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፦ ረዳቱ ሐኪሙ እንዲያይ ብሎ መምጠጫውን ዞር ያደርገዋል፣ መሰርሰሪያው ግን አልቆመም። ውኃውም በተመሳሳይ ሳይቋረጥ ይረጫል፤ «ለማየት ይቸግረኛል» ተብሎ ውኃ ተዘግቶ በደረቅ መሰርሰር ፈጽሞ አይገባም።

መጋረጃው አፍን ይሸፍናል እንጂ አፍንጫን አይሸፍንም። ለዚህ ነው ንጹህ አየር ወይም ኦክስጅን በአፍንጫ ጭምብል የሚሰጠው። ተራው የቀዶ ሕክምና ጭምብል ብናኝ ይቀንስ እንደሁ እንጂ ተን አያግድም። ጭምብሉ ከሌለ የክፍሉ መስኮት ይከፈት፣ መምጠጫው ሲጠጋ ቀስ ብለው በአፍንጫዎ ይተንፍሱ። ፊትና አንገትዎ በመሸፈኛ፣ ዓይንዎ በመነጽር ይሸፈን፤ ልጅዎ ጉንጩን የሚያስጠጋው እዚያ ላይ ነው። ሙሌቱ እንደወጣ ጥርሱ በብዙ ውኃ ታጥቦ ውኃው ይመጠጣል፣ መጋረጃው ከነጭቃው በአንድ ላይ ይነሳል፣ ሐኪሙም ምላስ ሥርና የድድ ኪስ ውስጥ የቀረ ብናኝ ካለ ፈልጎ ያወጣል። እርስዎም ከመዋጥዎ በፊት ተጉመጥምጠው ይተፉታል። ሕፃኑ በዚያ ሰዓት ከክፍሉ ውጭ ይሁን፤ ወደ ቤት ሲመለሱም ፊትዎን ታጥበው ልብስ ለውጠው ይታቀፉት።

በምትኩ አማልጋም አያስሞሉ። መንጋጋ ላይ ኮምፖዚት ወይም፣ ለጊዜው ከሆነ፣ ግላስ አዮኖመር ይበቃል። ኮምፖዚት እርጥበት አይወድም፤ ምራቅ ከገባበት ሳይጣበቅ ይቀርና በዓመት ሁለት ዓመት ዳሩ ይበሰብሳል። ስለዚህ ለሙሌቱ ማውጫ የታሰረው መጋረጃ ለመሙያውም ይጠቅማል፤ ካወለቁት በኋላ ሌላ ንጹህ መጋረጃ ቢያስሩልዎ ያስመሰግናል። በብርሃን ሲደርቅ ከላዩ የሚቀረው ሙጫ መሰል ስስ ንብርብር ያልደረቀ ኬሚካል ስለያዘ በዱቄትና በብሩሽ ይታሻል ወይም ይጠረጋል፣ ከዚያ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ተጉመጥምጠው ይትፉ። ከኮምፖዚት የሚወጣው ትርፍ ኬሚካል የሚበዛው በመጀመሪያው ቀን ስለሆነ ይህ ቀላል እርምጃ ብዙ ይቀንሰዋል።

ማደንዘዣውን አይፍሩት። 2 በመቶ ሊዶካይን ከአድሬናሊን ጋር ከጡት ማጥባት ጋር ይስማማል። አንዱ 1.8 ሚሊ ሊትር ካርትሪጅ 36 ሚሊ ግራም ሊዶካይን አለው፤ ለአንድ ጥርስ አንድ ወይም ሁለቱ ይበቃል፣ ወደ ወተት የሚያልፈውም ሕፃኑን አይጎዳውም። አርቲኬይንም ይሆናል። ፕሪሎኬይን ግን የደምን ኦክስጅን ተሸካሚነት ሊያውክ ስለሚችል ለትንንሽ ሕፃናት እናቶች ባይመረጥ ይሻላል። ለሕመሙ ፓራሲታሞል 500 ሚሊ ግራም ወይም 1 ግራም በየ6 ሰዓቱ፣ ወይም አይቡፕሮፌን 400 ሚሊ ግራም በየ6 እስከ 8 ሰዓቱ ከምግብ ጋር ይሆናል፤ የጨጓራ ወይም የኩላሊት ችግር ካለብዎ ለሐኪሙ አስቀድመው ይንገሩ። ኮዴይንና ትራማዶል ከታዘዘልዎ አይቀበሉ፤ ሁለቱም ወደ ወተት አልፈው ሕፃኑን ሊያደነዝዙና ትንፋሹን ሊያዳክሙ ይችላሉ። አሞክሲሲሊን ቢታዘዝ ማጥባትዎን አያስቆምም።

አሁን ወተት ስለመድፋቱ። በትክክል ተጠብቆ የወጣ አንድ ሙሌት ወተት እንዲደፋ አያስገድድም። ከቀጠሮው በፊት አጥብተው ይሂዱ፣ አፍዎ ገና ደንዝዞም ቢሆን ልጁ ሲራብ ያጥቡት። «ለሦስት ቀን ድፊው» የሚለው ምክር በራሱ ስሌት አይቆምም፦ በሰውነት ውስጥ ያለው ሜርኩሪ የሚቀንሰው በሰዓታት ሳይሆን በሳምንታት ነው፤ ሦስት ቀን መድፋት የሚያጎድለው ልጁን እንጂ ሜርኩሪውን አይደለም። ግን ልቤ አላርፍ አለ ካሉ አንድ ተመጣጣኝ መንገድ አለ። ከፍ የሚለው የመጀመሪያዎቹ 24 እስከ 48 ሰዓታት ስለሆነ፣ ከቀጠሮው በፊት በነበሩት ቀናት አልበው ያስቀመጡትን ወተት በዚያ ጊዜ ይስጡት። የታለበ ወተት በክፍል ሙቀት እስከ 4 ሰዓት፣ በፍሪጅ እስከ 4 ቀን፣ በማቀዝቀዣ (ፍሪዘር) እስከ 6 ወር ጥሩ ሆኖ ይቆያል። በዚህ መካከል ግን ጡትዎን ልጁ ይጠባ በነበረበት ሰዓት ሁሉ ማለብ አለብዎት፤ አለበለዚያ ጡቱ ይጋጋል፣ ይቋጠራል፣ ወተቱም ይቀንሳል። ይህ ግን የልብ ማሳረፊያ እንጂ የሕክምና ግዴታ እንዳልሆነ ይወቁ።

ከሙሌት ማውጣት ጋር «ማጽጃ» ተብለው የሚሸጡ ነገሮችን በዚህ ወቅት ይራቁ። ዲኤምኤስኤና ዲኤምፒኤስ የተባሉት ብረት አሳሪ መድኃኒቶች ለከባድ መመረዝ በሆስፒታል የሚሰጡ ናቸው፤ ለሚያጠባ ጤነኛ ሴት አይሰጡም። ክሎሬላ (የአልጌ ዱቄት)፣ ከሰልና ድንብላል ሜርኩሪ ከሰውነት ያስወጣሉ የሚል የተረጋገጠ ማስረጃ የለም። የምርመራ ነገር ካነሱብዎ፣ ከሙሌት የሚመጣውን የሚያሳየው የሽንት ምርመራ ነው፤ የደም ምርመራ ዓሣም ይቀላቅልበታል። ብረት አሳሪ መድኃኒት ከተሰጠ በኋላ በሚወሰድ ሽንት «ከፍተኛ ሜርኩሪ አለብሽ» ሲሉ ግን አይመኑ፤ መድኃኒቱ በማንም ሰው ላይ ቁጥሩን ስለሚያሳድገው ለመመዘኛ አይሆንም።

ለሐኪሙ ቀጠሮ ከመያዝዎ በፊት በስልክ ራበር ዳም ያስራሉ ወይ፣ በውኃና በኃይለኛ መምጠጫ ቆራርጠው ነው የሚያወጡት ወይ፣ አየር በአፍንጫ የሚሰጥ አለዎት ወይ፣ አንዱን ብቻ ሠርተው ሦስቱን ለማቆየት ይስማማሉ ወይ ብለው ይጠይቁ። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት «አያስፈልግም» የሚል መልስ ከሰጡ ሌላ ሐኪም ይፈልጉ። የቀኑን የመጀመሪያ ቀጠሮ ይያዙ፤ ክፍሉ ውስጥ ከሌላ ታካሚ ሙሌት የቀረ ተን አይጠብቅዎትም።

ሦስቱ በአፍዎ እያሉ ጥርስ ማንጫ አይጠቀሙ፤ የሚያነጣው ፐርኦክሳይድ ከአማልጋም ሜርኩሪ የሚለቀቀውን ሊጨምር ይችላል። ማስቲካ ቀኑን ሙሉ ማኘክ ይቅር፤ ሌሊት ጥርስ የሚያፋጩ ከሆነ መከላከያ ያሠሩ፤ አጽዳልኝ ብለው ሙሌቱን በደረቅ አያስወልውሉ። ልጁ ጡት ከጣለ በኋላ ማስወጣት ከፈለጉ፣ ወይም አንዱ ከተሰበረ፣ በአንድ ቀጠሮ አንድ ወይም ሁለት ብቻ፣ በአንድ ጎን ያሉትን አብሮ፣ በተመሳሳይ ጥበቃ ያስወጡ። ሌላ እርግዝና ካሰቡ ይህን ከእርግዝናው በፊት ይጨርሱ። ወደ ደም የገባው ሜርኩሪ ከሰውነት በግማሽ የሚቀንሰው በሁለት ወር ገደማ ነው፤ ስለዚህ ከመጨረሻው ሙሌት እስከ እርግዝናው 6 ወር ቢያልፍ ከስርሰራው የመጣው ወደ ስምንተኛው ይወርዳል።